ባሕር ውስጥ የገባው አሳማ

«ይሄን አሳማ ዓሣ ነባሪ አድርጊው!» አሉ እትዬ አናሴኒ፣ ለእንግዶች ከተሰቀሉት የልጆች ሥዕሎች አንዱን ከገመዱ ላይ ላጥ አድርገው።

ሎሴ ጆሮዋን ማመን አቃታት። የስድስት ዓመቷ ተማሪዋ ካሎ የሣለችው አሳማ እስከ ሆዱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ሸርጣን ይበላል። ታዲያ ምኑ ነው ጥፋቱ? ባሕሩ ሲሸሽ የመንደሩ አሳማ ሁሉ የሚውለው እዚያው አይደል እንዴ!

«እትዬ፣ እውነት እኮ ነው። የእርስዎም አሳማ ጠዋት እዚያ ነበር።»

«እሱን ነው የምልሽ! እንግዶቹ ባሕር ተሻግረው ከኦክላንድ ከተማ ድረስ መጥተው፣ አሳማ መቀለብ ያቃታቸው ይበሉን? ስሚ፣ አስተማሪ ነኝ ብለሽ እንዳትኮፈሺብኝ። እምቢ ካልሽ የቅዳሜው የሥዕል ትምህርት ይቀራል። አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቁልፉም የቄሱ ሚስት እጅ ነው።»

የቄሱ ሚስት ደግሞ ራሳቸው እትዬ አናሴኒ ናቸው። ቀለሙም ያለው አዳራሹ ውስጥ ብቻ ነው። ሎሴ በንዴት ብሩሽ አንስታ የአሳማውን ጆሮዎች በግራጫ ሸፈነች፣ ጅራቱን አሰፋች። ዓሣ ነባሪው አምሮ ቁጭ አለ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«አሳማዬስ?» አለች ካሎ ከኋላዋ።

«እ... እንግዶቹ ዓሣ ነባሪ ይወዳሉ ብዬ...»

«እኔ ዓሣ ነባሪ አይቼ አላውቅም።» ካሎ አላለቀሰችም። አዲስ ወረቀት አምጥታ ሎሴ ፊት ዘረጋችው። «በቃ አንቺ ሳዪልኝ። የምትችዪው አንቺ ነሽ።»

ሎሴ ፊቷ ጋለ። ስንት ቅዳሜ «ያያችሁትን ሣሉ፣ አትፍሩ» እያለች የለፋችበትን በገዛ እጇ አፈረሰችው! በእትዬ አናሴኒ ከመናደዷ በላይ በራሷ ተናደደች።

ሥዕሉን ይዛ እትዬ አናሴኒ ፊት ቆመች። «ይሄ የካሎ አይደለም፣ የእኔ ነው። የልጅቷን አጥፍቼ የእኔን አልሰቅልም።»

«አንቺ ባለጌ! አዳራሹን ብዘጋውስ?»

«ይዝጉት።» ሎሴ ቃሏን አላጠፈችም።

ልጆቹን አስከትላ ወጣች። የያዙት በእጃቸው የነበረችውን ጥቂት ቀለም፣ ብሩሽና ወረቀት ብቻ ነው። ከባሕሩ ዳር ሲቀመጡ ካሎ አዲሱን ወረቀትና ብሩሹን ዘረጋችላት። «ሳዪልኝ እንጂ!»

«እኔ አልነካም» አለች ሎሴ።

«ባበላሸውስ?»

«አበላሺው፣ ምን ችግር አለው።»

ካሎ ጠርጥራ አየቻት። ሎሴ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸውና መጠበቅ ጀመረች።