ጎተራና ስንጥር

«ከምሰሶው አትራቂ» አላት ወንድሟ፤ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ጎተራ መዶሻውን እየጎተተ ነው። ስንጥርስ የት ገባ?»

«ከኋላዬ» አለች። ጆይስቲኩ በላብ ረጥቦ ይንሸራተትባታል።

ጎተራና ስንጥር የሚሏቸው በጌሙ የመጨረሻ በር ላይ የቆሙትን ሁለት ጠላቶች ነው። ጎተራ ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፤ ስንጥር ደግሞ ቀጭንና ፈጣን። ክፋታቸው፣ አንዱ ሲሞት የቀረው የሟቹን ጉልበት መውረሱ ነው። ዘዴውን የደረሰበት ወንድሟ ነው፤ ዓይኑ ደህና ሳለ። ምሰሶውን መሃል አድርጎ ሁለቱን መለያየት፣ ከዚያ መጀመሪያ ስንጥርን መጣል። ጎተራ ቢጎለብትም ያው ጎተራ ነው፤ ሲመጣ ይሰማል።

አሁን ወንድሟ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። ሐኪሙም ተስፋ የሚሆን ነገር አልነገራቸውም። ትምህርቱን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አቋረጠ፤ ጓደኞቹ ሲመጡ «ተኝቷል በሏቸው» ይላል፤ ጆይስቲክ የሚባል ነገር በእጁ አይነካም። ከክፍሉ የሚያወጣው ይህ ውጊያ ብቻ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግድግዳውን እየዳበሰ ይመጣና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጆሮው ያዋጋታል።

ስንጥር ወደቀ። ጎተራም እየተመታ እየተመታ አንድ ምት ቀረው። ከዚህ በኋላስ? ጌሙ ያልቃል፤ ወንድሟም ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። አውራ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። መዶሻው ወረደባት።

«ሞትኩ» አለች። «ለጥቂት እኮ ነው።»

ወንድሟ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ጩጬ፣ መምታት አቆምሽ። ቁልፉ እኮ ይሰማኛል። ትናንትም እንዲሁ ነው ያደረግሽው።»

ፊቷ ጋለ። «አይ፣ እጄ ደክሞኝ ነው።»

«የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ሌላ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረ፤ ግን አስጠላት። «ካለቀ አትወጣማ» አለች። «እዚያ ክፍል ውስጥ ትቀራለህ። እማዬ በርህ ላይ ቆማ እንደምታለቅስ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለዛ አልነበረውም። «እናቴ ታለቅስልኛለች፣ እህቴ ትሸነፍልኛለች። ታዲያ ምን ጎደለኝ።» ሊነሳ የሶፋውን ጠርዝ ያዘ።

«ቆይ። አንዴ ብቻ። አሁን የምሬን ነው።»

ጠርዙን እንደያዘ ተቀምጦ ቀረ። እንደገና ጀመረች። በዚህኛው ዙር ወንድሟ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ምሰሶውን ሳትለቅ ስንጥርን ጣለች፤ ጎተራን እየሸሸች እየመታች አንድ ምት እስኪቀረው አደረሰችው። ከዚያ በጌሙ ውስጥ ወደ ሩቁ ጥግ ሸሸችና ጆይስቲኩን የወንድሟ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው?»

«አንድ ምት ነው የቀረው። ፊት ለፊትህ ነው፤ ቀጥ ብሎ እየመጣ ነው።»

«አልችልም። ውሰጂው።»

«ስማው ብቻ።»

መዶሻው ወለሉን እየፋቀ ቀረበ። የወንድሟ እጆች ጆይስቲኩ ላይ አረፉ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም። ጆይስቲኩን ብትነጥቀው መዶሻው ሳይወርድ ትደርስ ነበር። እሷ ግን ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሸጎጠችና ተቀመጠችባቸው።