በዋቤ ደንገል ውስጥ

ሳሌሃ አንድ እግሯን ታንኳው ላይ አሳርፋ ሁለተኛውን ከዳር ሳታነሳ ቆመች።

«ልመልስሽ?» አላት ከማሉ።

«አይሆንም» አለችው። የታንኳውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ገባች።

ታላቅ ወንድሟን ሸረፋን የዋቤ ወንዝ በልቶት፣ ሬሳውን እንኳ አልመለሰም። ለዚህም ነው ከማሉ ሽማግሌ በላከ ጊዜ አባቷ ሐጂ ሙስተፋ «ወንዝ ላይ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም» ያሉት። የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነበር። ዋቤ እስከ ጊቤ በጀልባ ያስኬድ እንደሆነ ሊያጠኑ ከአዲስ አበባ የመጡ መሐንዲሶች ወልቂጤ ሰፍረው፣ ከማሉን ቀዛፊ አድርገው ቀጥረውታል። ከሳሌሃ ጋር የተያዩት ላምባ ሊገዛ አባቷ ሱቅ የገባ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲያ ላምባው ቶሎ ቶሎ ያልቅበት ጀመር።

«አንድ ቀን ውሃውን ቀርበሽ ብታዪው ፍርሃቱ ይለቅሻል» ይላት ነበር። ዛሬ አክስቷ ቤት እንደምትሄድ ተናግራ ወጣች።

ረግረጉ ውስጥ ሲገቡ ደንገሉ ከግራም ከቀኝም ተጠጋቸው። ወፎቹ ድንገት ዝም አሉ። ከማሉም መቅዘፉን ተወ።

«ምነው?»

«ዝም በይ።»

ከፊታቸው ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለና የጉማሬ ጀርባ ወጣ። ትንፋሹ ፊታቸው ላይ ተረጨ። ሳሌሃ ዞር ስትል የከማሉ ፊት አመድ መስሏል።

«እኔም ወንዙን ሁልጊዜ እፈራዋለሁ» አላት በሹክሹክታ። «አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እጁን ያዘችው። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደዚያ ወዳው አታውቅም።

ጉማሬው ጠለቀ። የት እንደሚወጣ አላወቁም። ወዲያው ታንኳው ከሥር ተመትቶ ተገለበጠ፤ ሳሌሃ ጮኸች። ውሃው እስከ ደረቷ ደረሰ። ደንገሉን ጨብጠው፣ እሱ እየገፋት፣ እሷ እየጎተተችው፣ ጭቃው እየያዛቸው እንደምንም ዳር ወጡ።

ሐጂ ሙስተፋ ጩኸቷን ተከትለው እየሮጡ ደረሱ። አክስትየው ራሷ ሱቅ ስትመጣ ልጅቷ ከከማሉ ጋር እንደሆነች ገብቷቸው፣ ልጃቸውን ፍለጋ ወደ ወንዙ ወርደው ነበር።

«አባ» አለች ሳሌሃ፣ «ወንዙን አሁንም እፈራዋለሁ። ስፈራ ግን ከሱ ጋር ልሁን።»

ሐጂ ሸረፋን የበላውን ውሃ አንዴ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት። ከማሉ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ያለኝ ጋቢ አንድ ነው» አሉት፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው። «ቅረብ፣ አብራችሁ ልበሱት።»