አስራ አንደኛው መኪና

«መቶ ሃምሳ ቶን አስፋልት አልኩሽ እኮ! ለነገ ጠዋት። አስር መኪና።»

የጫማዋን ክር እያሰረች የነበረችው ልጅ እጇ ባለበት ቀረ። አባቷ ጀርባውን ሰጥቷት፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልክ ያወራል። ከወዲያኛው ጫፍ የሴት ድምፅ አንድ ነገር ሲጠይቅ ይሰማል።

«የምን ተጨማሪ ነው የምትይኝ? ያልኩሽን ጻፊና ላኪ!» አለና ዘጋው።

ያንኑ መቶ ሃምሳ ቶን ትናንት ከሰዓት በኋላ አዝዞታል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ነው ያዘዘው።

«አባዬ...»

«እ?» ብሎ ዞረ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ፈገግ ብሏል። «አልሄድሽም እንዴ? ፈተና የለሽም?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ባለፈው ሳምንት የመለኪያ ሜትሩን በእጁ እንደያዘ ሜትሩን ሲፈልግ አግኝታው ነበር። «ያው እጅህ ላይ» ብትለው፣ «ሂጂ ለእናትሽም ንገሪያት! ጃጀ በያት!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ሲያለቅስ ሰማችው። አባቷ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም ነበር። ያን ድምፅ ድጋሚ ከምትሰማ ጆሮዋ ቢደፈን ትመርጣለች።

«የአስፋልት ማምረቻው ስልክ ተቀባይ መዝገቧን ስታይ ራሷ ይገባታል» አለች በሆዷ። ክሩን አስራ ጨረሰችና ወደ ሒሳብ ፈተናዋ ሄደች።

አባቷን የሥራ ጓደኞቹ «ሚዛን» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት መንገድ ሲያስነጥፍ፣ ያዘዘው አስፋልት ጎድሎበት መሀል ላይ የቆመበት፣ ወይ ተርፎት ሜዳ ላይ የደፋበት ቀን የለም። «አስፋልት ቢጎድልም ሐሜት፣ ቢተርፍም ሐሜት ነው» ይላል ሁልጊዜ።

ከሦስት ወር ወዲህ ግን ሒሳቡን የምታየው እሷ ናት። «ዓይኔ ደክሞኛል፣ እስቲ አንዴ እይልኝ የኔ መሐንዲስ» ብሎ ነው የጀመረው። የዓይን ጉዳይ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም።

የአሁኑ ሥራ ከዋናው መንገድ እስከ ጤና ጣቢያው በር የሚደርስ አጭር መንገድ ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር አምቡላንስ የሚሰምጥበት። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አብራው ለካች። እሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዘ፣ እሷ ሌላውን። ቤት ገብተው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ።

«ርዝመት ሁለት መቶ ሜትር፣ ወርድ ስድስት» አለ እየጻፈ። «ይኼ ስፋቱን ይሰጠናል። አሁን በውፍረቱ እናባዛው። አምስት።»

አንድ ሺህ ሁለት መቶን በአምስት አባዝቶ ስድስት ሺህ ብሎ ጻፈ። ቁጥሩን አየውና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገብቶታል፤ ምኑ እንደሆነ ግን ጠፍቶታል።

«አምስት ሳንቲሜትር ነው አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ወደ ሜትር ስንቀይረው ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ነው። ስድሳ ሜትር ኩብ ይመጣል።»

«አዎ። ስድሳ። አንዱ ኩብ ሁለት ነጥብ አራት ቶን ይመዝናል... መቶ አርባ አራት። ለመጠባበቂያ ትንሽ ስንጨምርበት መቶ ሃምሳ።» ፊቱ በራ። «በአስራ አምስት ቶን መኪና አስር ምልልስ! አየሽ?»

እዚያው ስልኩን አንስቶ አዘዘ። ያ ሐሙስ ነው። አርብ ጠዋት ደግሞ እንደ አዲስ አዘዘ።

ቅዳሜ ሥራው እንደ ወትሮው ጀመረ። ገልባጭ መኪኖቹ በየተራ እየመጡ የሚጨሰውን ጥቁር አስፋልት ለአንጣፊው ማሽን ያራግፋሉ፤ ዳምጠው ከኋላ እየተንከባለለ ይጠቀጥቀዋል። እሷ የጤና ጣቢያውን አጥር ተደግፋ መኪና ትቆጥራለች። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። የአስረኛው መኪና የመጨረሻ አካፋ የተበተነው ልክ በሩ ሥር ነው።

«ሚዛን!» ብሎ ጮኸ የዳምጠው ሾፌር። «ለግቢዬ አንድ ባልዲ ትተርፈኛለች ብዬ ስጠብቅ! አንተ ሰውዬ ግን ቋጣሪ ነህ!»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። አባቷም ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀ። እሷም እፎይ አለች።

አስራ አንደኛው መኪና ከኩርባው ብቅ ያለው ያኔ ነው። ከኋላው ሌላ። ከዚያም ኋላ ሌላ።

አባቷ እጁን እያወዛወዘ ሮጠ። «ተሳስታችኋል! የኛ አልቋል!»

ሾፌሩ በመስኮት ወረቀት አቀበለው። «የእናንተ ነው ጋሼ። አስር መኪና ገና ይቀራል። ይኸው፣ በእርስዎ ስም ነው የታዘዘው።»

አባቷ ወረቀቱን አነበበው። ገልብጦ ባዶውን ጀርባ አየ። እንደገና አነበበው።

አስፋልት ደግሞ ቁጭ ብሎ ነገር እስኪጣራ አይጠብቅም፤ ከቀዘቀዘ ድንጋይ ነው። ሥራውን የሚቆጣጠረው ወጣት መሐንዲስ መጥቶ ትኩሱን የሚወስድ ሌላ ሥራ ቢያፈላልግ፣ በየአቅጣጫው ቢደውል፣ አልተገኘም። እኩለ ቀን ላይ አስሩም መኪና ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ደፍተውት ሄዱ። ሠራተኞቹ ክምሩን ከብበው ቆሙ። የዳምጠው ሾፌር እንኳ ቀልድ አልመጣለትም።

«ጋሼ» አለ መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሥራ የጀመረው በአባቷ እጅ ነው። «ማምረቻው ሁለት ጊዜ አዘዋል ይላል።»

«እኔ?» አባቷ ዙሪያውን አየ። ዓይኑ አጥሩ ጋ ሲደርስ እሷ ላይ ቆመ። እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። «ይቺ ልጄ ትሙት! አንድ ጊዜ ነው ያዘዝኩት!»

አልዋሸም። እሷን የገደላት ይኼ ነው። ሲምል ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን ጥርት ያለ ነበር።

«የእርስዎን ቃልማ ማን ይጠራጠራል» አለ መሐንዲሱ። «ስልክ ተቀባይዋ ናት ጉድ የሠራችን። ዋጋዋን ታገኛለች።»

ልጅቷ አጥሩን ለቃ ወደ ቤት ሄደች።

እሁድ ከሰዓት እናቷ እህቷን ልትጠይቅ ወጥታ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሲከፈት አንዲት ጎልማሳ ሴት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች።

«ድምፅዎን ነው እንጂ መልክዎን አላውቀውም ነበር» አለች ለአባቷ። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስልክዎን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

አባቷ አክብሮ አስገባት። ሴትየዋ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ተቀመጠች።

«ከሥራ አግደውኛል» አለች። «ነገ ሊያሰናብቱኝ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ ያስታውሱ። አርብ ጠዋት ደውለው ነበር። ተጨማሪ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩዎ። ያልኩሽን ጻፊ ብለው ተቆጡኝ።»

«ደውዬ ይሆናል፤ ስንት ጊዜ እንደዋወላለን» አለ አባቷ። «ግን አላዘዝኩም። ለምን ብዬ ሁለቴ አዛለሁ እህቴ?»

«መደወልዎንማ ስልኩ ይመሰክራል። የተባባልነውን ግን ከሁለታችን በቀር ማን ሰማ?» እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ እርስዎን ለመክሰስ አይደለም። እርስዎ ተሳስተው አያውቁም። ምናልባት እኔ ነኝ ያበድኩት እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።»

ልጅቷ ውኃ በብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ አመሰገነቻትና ተቀበለቻት። ልጅቷ ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች። ነገር ግን አባቷን ሰው ፊት እንዴት ታጋልጠው?

ሴትየዋ ውኃውን ሳትጨርስ ተነሳች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ወጣች።

አባቷ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

«ዋሽታ ነው አይደል?» አለ።

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። አዎ ዋሽታ ነው እንድትለው እየለመናት ነበር። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር ነገ ጠዋት ሚዛን እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ይሄዳል። እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሒሳቡን ታይለታለች። እስከ መቼ?

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ያዘች፤ እንደ ድሮው ሻካራና ሞቃት ነው።

«አባዬ» አለች። «ደውለሃል። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ሰምቼሃለሁ።»

እጁን ከእጇ ሊያወጣ ሞከረ፤ አጥብቃ ያዘችው።

«ልነግርህ ፈልጌ ነበር። እንዳትቆጣ... እንዳታለቅስ ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የኔም ነው።»

«ምን ብዬ ነበር?» ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ መሰለ።

«መቶ ሃምሳ ቶን። አስር መኪና። ተጨማሪ ነው ወይ ስትልህ፣ ያልኩሽን ጻፊ አልካት።»

ለማስታወስ ሞከረ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ የአርብን ጠዋት በጨለማ እንደጠፋበት ዕቃ ሲዳብስ አየችው። ሲያጣው ደግሞ አየች። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ።

«የለም» አለ። «ልጄ፣ ውስጤ የለም።»

ከዚያ አለቀሰ። በር አልዘጋባትም። እሷም አቅፋው አለቀሰች።

ጥቂት ቆይቶ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «የሰው ልጅ እንጀራዋን ልታጣ ነው። የእሁድ አውቶቡስ ይዘገያል፣ እንድረስባት» አለና ተነሳ። ኮቱን ለበሰ፤ ቁልፉን በማይሆነው ቀዳዳ ሲያስገባ አየችው። «ነገ ለመሐንዲሱ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። «አንቺ ብቻ አጠገቤ ቁሚ። ከጠፋብኝ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እሺ አባዬ።»

አብረው ወጡ። የሰፈሩ መንገድ እሱ ራሱ ያስነጠፈው ነው፤ እሷ በተወለደችበት ዓመት። ደጃፉ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየ።

«የአውቶቡስ ፌርማታው...» አለና ቆመ።

ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገብታ ወደ ግራ መራችው። ሴትየዋ ራቅ ብላ፣ ቦርሳዋን እንደታቀፈች ፌርማታው ሥር ቆማለች። ልጅቷ አባቷን ሳትለቅ ነፃ እጇን አነሳች።

«እትዬ! እባክዎ ይቆዩን!»