የሚጮኸው ካፖርት

«አትንቀሳቀሺ አላልኩሽም?» አለ አጎቷ ሎይድ፣ ዞር ሳይል።

ኮሪና የተንቀሳቀሰች እንኳ አልመሰላትም። አፍንጫዋን ልታክ እጇን ብታነሳ ነው የለበሰችው ብርቱካናማ የጎማ ካፖርት ሲጥ ያለው። የዓሣ አጥማጆች ካፖርት ነው። ጠብታ ውኃ አያሳልፍም፣ ግን ሲታጠፍ ይጮኻል፣ ቅርንጫፍ ሲነካውም ይጮኻል። ስለዚህ የሚያድኑትን አጋዘን እንዳታስበረግግ ከጥድ ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከፊቷ ዝናብ፣ ከኋላዋ ረግረግ፤ መላወሻ የለም። በእነዚህ የአላስካ ደሴቶች ሰው ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጠው ዝናቡ ሲያባራ ነው።

እናቷ ጠዋት ሁለት የጎማ ካፖርት ነበር ያሸከመቻቸው። አጎቷ የራሱን ጀልባው ውስጥ ጥሎት ወረደ።

«አጋዘን ጎማ ከሰማ አገር ጥሎ ይጠፋል» አለና አያቷ ከብርድ ልብስ የሰፉለትን አሮጌ የሱፍ ኮት ለበሰ። «ሱፍ ቢርስም ያሞቃል። የእናቴን ኮት ለብሼ በርዶኝ አያውቅም።»

ኮቱ ክርኑ ላይ ሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ኮሪና አየችው። እናቱን ከቀበረ ገና ወሩ ነው፣ ምን ይባላል?

ቅዳሜ የአያቷ አርባ ነው። እነሱ ትሊንጊቶች ናቸው፣ የአላስካ ነባር ሕዝብ፤ በአርባ ቀን ሟቹ የሚወደውን ምግብ ለሰው ያበላሉ። አያቷ ደግሞ ከአጋዘን ጎድን ሌላ ምግብ ያለም አይመስላቸው ነበር። ቤት ያለው ዓሣ ብቻ ነው። አጎቷ በሰው ሁሉ ፊት «አመጣለሁ» ብሏል። ኮሪናም ለአክስቷ ልጅ ለዴል «እኔም አብሬ አድናለሁ» እያለች ጉራዋን ስትነዛ «አንቺ? ዝናብ ሲነካሽ ‹እማዬ› እያልሽ ትመለሻለሽ» ብሎ ሙድ ይዞባታል።

አጎቷ የእንጨት ፊሽካውን ነፋ። የአጋዘን ግልገል ለቅሶ የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ አጋዘን የሚጠራው በዚህ ነው። ደግሞ ሲነፋ አየር ብቻ ወጣ፤ ፊሽካው ከአፉ ወደቀ።

«እስቲ አንቺ ንፊው። ከንፈሬ… እምቢ አለኝ።»

ምላሱ ተሳስሯል። ኮቱ ውኃ ጠጥቶ ተንዠርግጓል። የላይኛውን ቁልፍ ሊቆልፍ ቢታገልም ጣቶቹ አልታዘዙትም።

«አጎቴ፣ በርዶሃል።»

«እኔ? በእናቴ ኮት?» ሊስቅ ሞከረ፤ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። «ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም።»

ኮሪና ፈራች፣ በጣም ፈራች። ሌላ ሰው በአካባቢው የለም፤ አጎቷን ደግሞ አንዴ እልህ ከያዘው ማንም አይመልሰውም። ፊሽካውን አንስታ ነፋች።

አጋዘኑ ወጣ። ትልቅ ወንድ ነው፣ ቀንዱ ላይ ቅጠል ተንጠልጥሏል። አጎቷ ጠመንጃውን አነሳ። አፈሙዙ ይንቀጠቀጣል፤ ቅርንጫፍ ላይ አስደገፈው። አሁን አይስትም። ከተኮሰ ደግሞ ሊያርድ፣ ሊበልት፣ ተሸክሞ በረግረጉ ሊሄድ ነው፤ በዚያ ኮት፣ እስኪመሽ። ኮሪና ጎድኑን አሰበች፤ አያቷንም አሰበች።

ከዚያ ብድግ አለችና እጆቿን ዘረጋች።

ካፖርቱ ጫካውን ሁሉ የሚያስደነግጥ ጩኸት አወጣ። አጋዘኑ ባንዴ ተሰወረ።

«ምን አደረግሽ?!»

«በረደኝ! አልቻልኩም አጎቴ፣ እማዬ ጋ ውሰደኝ!» ማልቀስ አላቃታትም፤ ለማልቀስ ምክንያት ነበራት።

አጎቷ አፈጠጠባት። «ወይኔ… የማትረባ» አለና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ቀደማት። ሁለቴ ተደናቅፎ ወደቀ።

ጀልባው ጋ ሲደርሱ የረጠበውን ኮት አወለቀችለት፤ የራሱን የጎማ ካፖርት አልብሳ እስከ አንገቱ ቆለፈችው። እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ቆመላት። ኮቱን ጨምቃ አጣጥፋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና ሞተሩን ራሷ አስነሳች።

ዴል ወደቡ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ባዶውን ጀልባ አየና ፈገግ አለ።

«እህሳ? አጋዘኑስ?»

አጎቷ አፉን ከፈተ፤ ኮሪና ግን ቀደመችው።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ገመዱን እየወረወረችለት። «ብርዱን አልቻልኩትም።»