የባትሪ ውሃ

ጠቅ አለ። ከዚያ እርርር ብሎ አጉረመረመ፤ ከዚያ ሳል እንዳነቀው ሰው ዝም አለ።

ሽመክት መስኮት ከሌለው ዕቃ ቤት ደጃፍ ቆሞ ሲያዳምጥ ጎህ ገና አልቀደደም። ፍሪጁ ነው። እንደገና ጠቅ እስኪል ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ፤ አላለም። በሩን ሳይከፍትም ማን እንደገደለው ያውቅ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ያገሩን ጄኔሬተር ጦርነቱ በልቶታል። ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ የራቀችው ጤና ጣቢያ ግን ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ስድስት ባትሪ ነበራት፤ ቀን የተጠራቀመው ኃይል ሌሊቱን የክትባቱን ፍሪጅ ያቀዘቅዛል። ባትሪዎቹን የሚጠብቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረው የቢቸናው ልጅ ሽመክት ነው። ክትባቱን የምትጠብቀው ደግሞ ከደሴ ተመድባ የመጣችው ነርስ ሃና።

በየወሩ ቢቸና ሄዶ ከጋራዥ ተጣርቶ ጨው የሌለበትን የባትሪ ውሃ ማምጣት ነበረበት፤ ደርሶ መልስ ሦስት ቀን። ባለፈው ወር ግን መምህር ያለው የሚባል ሰው በበቅሎ እየመጣ ከሃና ጋር በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ሦስት ቀን ከእሷ መራቅ ለሽመክት ሦስት ዓመት ሆኖ ታየው፤ ቢቸና ሳይሄድ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ከሚፈልቀው ጠበል በጀሪካን ቀዳ። እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ለሰው የሚበጅ ለባትሪ ምን ይከፋል ብሎ፣ አማትቦ ሞላው።

ለሃና በነጋዴ አስመጣሁት አላት።

«ውሸት አታውቅበትም» ብላ ሳቀች። «እኔን ጥለህ ላለመሄድ ነው።»

እሱ አቀረቀረ። ያን ቀን እስኪመሽ በረንዳው ላይ አብረው ዋሉ፤ ምን እንዳወሩ ባያስታውስም ትከሻዋ ትከሻውን እንደነካው ያስታውሳል።

አሁን ፀሐይ ወጣች። በረዶው ቀልጧል፤ ክትባቱ ሞቋል። ቀኑ ደግሞ የኩፍኝ ክትባት ቀን ነው። እናቶች ከዓባይ በረሃ አፋፍ ጀምሮ በዶሮ ጩኸት ተነሥተው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ደረሱ። ሃና አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቀች። ይርጋነሽ የምትባል እናት ልጇን መልሳ እያዘለች፣

«ምን ይደረግ፣ ሲሆንላችሁ ጥሩን» አለች። ብትሳደብ ለሽመክት በቀለለው።

በማግስቱ የወረዳው ጤና ኃላፊ አቶ መንግስቴ ከሞጣ መጡ። ማን አጠፋ አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ሃና። «የፍሪጁን በር ሳልገጥም አድሬ ነው።»

ወደ ሽመክት አልዞረችም። እሱም ዝም አለ። በሳምንቱ ከሥራ የሚያስወጣት ደብዳቤ ደረሰ።

በማግስቱ ሽመክት በእግሩ ሞጣ ገባ፤ አቶ መንግስቴ ፊት ቆሞ ጀሪካኑን ሳይቀር ተናዘዘ።

«ጠበል?» አሉት መነጽራቸውን አውልቀው። «ባትሪው ሰይጣን የያዘው መሰለህ እንዴ?»

«አላወቅሁም፣ ጌታዬ።»

«አለማወቅህስ ይሁን። ልጅቱ ስትወድቅልህ ቆመህ ማየትህን ምን እንበለው?»

አቶ መንግስቴ ደብዳቤውን ቀደዱ፤ በእሱ ስም ሌላ ጻፉ።

ሽመክት ሲሮጥ ተመልሶ ሲደርስ የጭነት መኪና ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። የሃና ሻንጣ ተጭኗል።

«ነገርኳቸው» አላት እያለከለከ። «ደብዳቤሽ ተቀዷል። የምሄደው እኔ ነኝ፤ አንቺ ትቆያለሽ።»

ሃና ትክ ብላ አየችው። እንዲህ አይታው አታውቅም።

«ለምን ጥፋቱን በራስሽ ላይ አደረግሽው? እኔስ ፈሪ ነኝ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«ያኔውኑ ትናገራለህ ብዬ ነበር» አለችው።

እጇን ዘርግታ የመንገዱን አቧራ ከትከሻው ላይ አራገፈችለት፤ ቀስ ብላ፣ ምንም እንዳይቀር። ዓይኖቿ ሞልተው ነበር። ከዚያ ዞረች፤ ሾፌሩ አጠገብ ወጣች፤ በሩን ራሷ ዘጋችው። መኪናው ወደ ቢቸና አቅጣጫ ተንቀሳቀሰ።