ጋሼ መርፌ ሲመጣ

የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያዋን ታካሚዎቿ «እትዬ ሳጥን» ይሏታል። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ያስረሳችው ቢሮዋ በር ላይ የሰቀለቻት ቀይ ሳጥን ናት። ስኳር ያለበት፣ አስም ያለበት፣ ልቡን የሚያመው ልጅ ሁሉ የከበደውን ነገር ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ጽፎ ይከታል። እሷ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ታነባለች።

አንድ ዓርብ ታዲያ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አንብባ ክው አለች።

«እኔ ስመጣ ሁሉም ያለቅሳል። ከዚህ ወር በኋላ አልመጣም።»

ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። የትኛው ልጅ ነው ሕክምናውን ጥሎ ሊጠፋ ያሰበው? ሳምንቱን ሙሉ «እናትህ ታለቅሳለች እንዴ?» እያለች ስትጠይቅ ከረመች፤ ያላለቀሱትንም እናቶች አስለቀሰች።

ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ሳለ፣ ስኳር ያለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አየቻት።

«ውይ! ይሄማ የጋሼ መርፌ ጽሑፍ ነው። የደሜ ብልቃጥ ላይ ስሜን እንዲህ ነው የሚያበላሸው።»

ጋሼ መርፌ ከላቦራቶሪ እየመጣ ደም የሚቀዳው ሰውዬ ነው። ቁመቱ በር ያክላል፤ ድምፁ ግን ሕፃን ያስተኛል። እትዬ ሳጥን ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ ባለፈ ቁጥር አንገቷን ስትደፋ ኖራለች። ልጆችን «የፈራችሁትን ተናገሩ» የምትል ሴት፣ እሱ ፊት ምላሷ ይተሳሰራል። እንግዲህ የባለሙያ ነገር!

ያን ቀን ግን ሮጣ ላቦራቶሪ ገባች።

«ልትሄድ ነው?»

ደነገጠ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ሳጥኑ እኮ የልጆች ነው!»

«ሌላ የምነግረው ሰው አጣሁ። ገና ጋዋኔን ሲያዩ ዋይ ዋይ ነው። ሰው እንዴት ዕድሜ ልኩን ሲያስለቅስ ይኖራል?»

«ሰኞ እኔ ክፍል ና» አለችው።

ሰኞ ልጆቹን ሰብስባ የጋሼ መርፌን ጣት ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ስኳሯን ለመለካት በየቀኑ የራሷን ጣት የምትወጋ ናት። ጋሼ መርፌ መውጊያዋን ሲያይ ላብ በላብ ሆነ።

«አይዞህ ጋሼ፣ እስከ ሦስት ቁጠር።»

«አንድ... ቆይ! መጀመሪያ ውሃ ልጠጣ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጠብታዋ ደም ብቅ ስትል ዓይኑን ጨፈነ።

«እጁን ያዢለት እንጂ!» አለች ልጅቷ ኮስተር ብላ። «እጅ መያዝ ፍርሃት ይቀንሳል ትዪን የለ?»

እትዬ ሳጥን ያዘችለት። ደሙ ደረቀ፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም።

«አትሂድ» አለችው ቀስ ብላ። «ለልጆቹ ብቻ ብዬ አይደለም።»

ወሩ አለቀ፤ እሱም አልሄደም። ልጆቹ ሲያዩት «ጋሼ፣ ውሃ ይምጣልህ?» እያሉ ያሾፉበት ጀመር።

ዓመት ዞሮ፣ ሙሽራው እትዬ ሳጥንን ሊወስድ በሩን ሲያንኳኳ እናቷ አለቀሰች፤ አክስቶቿ አለቀሱ፤ ሙሽሪትም ኩሏ እስኪፈስ አለቀሰች። ያቺ ልጅ ከሚዜዎቹ መሃል ጮኸች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሁሉንም አስለቀስክ!»

«ያልቅሱ» አለ እሱም የራሱን ዓይን እየጠረገ። «ከእንግዲህ የትም አልሄድም።»