የስድስት ከአርባው ማስታወሻ

ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር የሞቱት በምሳ ሰዓት፣ ከኮምፒውተራቸው ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ነበር። ግንባራቸውን ግራ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ከበሩ ላይ ሆኖ ላያቸው ሸለብ ያደረጋቸው ይመስሉ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ከምሳ የተመለሱት ባልደረቦቻቸው ቀረብ ሲሉ ግን ከንፈራቸው ጠቁሮ አዩ።

ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ ከጥያቄዋ ሁሉ በፊት «ቆይ» ስለምትል ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ «ወይዘሮ ቆይ» ነው የሚሏት። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረሰች። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሲከፍቱት የሚንጫጫ አንድ መስኮት። ክፍሉ ይኸው ነው።

ድርጅቱን የሚመሩት እህትና ወንድም ናቸው፤ እሷ ሥራ አስኪያጅ፣ እሱ ኢንጂነር። ሰባት ዓመት የደከሙበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከተከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም፣ ከሦስት ቀን በኋላ በአርባ ጤና ጣቢያዎች ሊጫን ነው። አስቀድሞ ተራ ሰው ይሞክረው ተብሎ መምህሩ፣ አንዲት ነርስና አንዲት ጸሐፊ ተቀጠሩ። ሥራቸው ቀኑን ሙሉ በሲስተሙ መጠቀምና የገጠማቸውን ሁሉ እዚያው ላይ በማስታወሻ መጻፍ ነው። ማስታወሻው ሲቀመጥ ሲስተሙ ራሱ ሰዓት ይጽፍበታል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሳቅ ነበር። ጸሐፊዋ አንድ ደብዳቤ አትም ብትለው ሠላሳ ቅጂ አወጣላት። ነርሷ የይለፍ ቃሏን በትክክል በጻፈች ቁጥር «ተሳስተሻል» ይላት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ግን ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ የመምህሩን ፋይሎች በላ። ከጠፉት መካከል የሟች ባለቤታቸው ድምፅ የተቀዳበት ፋይል ነበረ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። መምህሩ ሥራውን ይተዋሉ ሲባል ጭራሽ ባሰባቸው። ከሁሉም ቀድመው ገብተው ከሁሉም ኋላ ይወጡ ጀመር፤ ምሳቸውን እንኳ እዚያው ይበሉ ነበር። የሚፈልጉት ጉድለት ብቻ ነበር።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም የሞቱት በአስም ነው አለ። መምህሩ አስማቸውን የሚያስታግሱበትን ኢንሄለር ሁልጊዜ ከኪቦርዱ በስተግራ፣ በታጠፈ መሐረብ ላይ እንደሚያስቀምጡ ነርሷም፣ ጸሐፊዋም፣ ኢንጂነሩም መስክረዋል። መሐረቡ በቦታው አለ፤ ኢንሄለሩ የለም። ፖሊሶቹ የኮቱን ኪሶች ፈትሸው ባዶ ናቸው ብለው ነበር። መርማሪዋ ግን ኮቱን አንስታ ጠርዙን በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ከገበሩ ሥር አንድ ጠጣር ነገር አገኘች። ክሩን ስትተረትረው ኢንሄለሩ ክዳኑ እንደተገጠመ ወደቀ።

የመምህሩ ሴት ልጅ ተጠርታ መጣች። የአባቷን ኮት ስታይ ነው እንባዋ የመጣው። የደረት ኪሱ ከተቀደደ ወር እንዳለፈው፣ ቁልፋቸው ገበሩ ውስጥ ከሰመጠባቸው ወዲህ አባቷ ምንም ነገር እንደማይከቱበት፣ እሷም ዛሬ ነገ እያለች ሳትሰፋው እንደቀረች ተናገረች።

ስለዚህ ኢንሄለሩን እዚያ የከተተው ኪሱ መቀደዱን የማያውቅ ሰው ነው።

ኢንጂነሩ ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ዓይን ነበረው። የመምህሩን የመጨረሻ ማስታወሻ ራሱ ከፍቶ አሳያት። ሰዓቱ ስድስት ከአርባ ይላል። እሱ ከስድስት ከሃያ ጀምሮ ከእህቱና ከጤና ጣቢያዎቹ ከመጡ እንግዶች ጋር ስብሰባ ላይ እንደነበረ፣ እህቱም ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ጀምራ ከእነሱ እንዳልተለየች አስረዳት። እንግዶቹም ይህንኑ አረጋገጡ።

«ቆይ፣ ይህ ሰዓት አይሳሳትም?» አለችው።

«ስለ ሰዓቱ አንድም ሰው ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።»

መምህሩ እስከ ስድስት ከአርባ በሕይወት ከነበሩ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ጸሐፊዋ ቃሏ እየተያዛት፣ እሷና ነርሷ ስድስት ሰዓት ላይ አብረው ወጥተው አንድ ገበታ ላይ ምሳ እንደበሉ፣ ነርሷ ግን ስድስት ከሠላሳ አምስት ላይ ቀድማት እንደተነሳች ተናገረች። የበሩ ዘበኛ ነርሷ ብቻዋን ደረጃውን ስትወጣና ወዲያው ስትወርድ አይቷታል። ነርሷ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አልገባሁም ብላ አስመዝግባ ነበር።

አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። መርማሪዋ እጁን ያዝ አድርጋ ነርሷን ለብቻዋ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰደቻት።

ነርሷ ብዙ አልተከራከረችም። «ገብቻለሁ» አለች። «መነጽሬን ረስቼ ነው የተመለስኩት። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ነበር፤ መነጽሬ እሳቸው ጋ ስለነበረ በላያቸው ተንጠራርቼ አነሳሁት። ክርኔ ማውዙን ሲነካው ስክሪኑ በራ። እንዳይነቁብኝ ብዬ በእግሬ ጣቶች ጫፍ ወጣሁ።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ነኝ። ሁልጊዜ ደረታቸው ሲያፏጭ ይሰማኝ ነበር። ያን ሰዓት ግን አያፏጭም ነበር። ዛሬስ ተሻላቸው፣ ይረፉ ብዬ ሄድኩ። ይህን ለማን እናገራለሁ?»

መርማሪዋ ተመልሳ ከመምህሩ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠችና ማስታወሻውን ደጋግማ አነበበች። ቦርሳቸውንም ስትፈትሽ፣ ማሽኑን ስላላመኑት ቅሬታቸውን ሁሉ በእጃቸው የገለበጡበት ደብተር አገኘች። እሱንም ተቀምጣ ጨረሰችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። እህትና ወንድሙ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ነርሷና ጸሐፊዋ በየወንበራቸው ተቀመጡ። የመምህሩ ልጅ በሩን ተደግፋ ቆመች። መርማሪዋ በነርሷ ኮምፒውተር ላይ አንድ መስመር ጻፈች፣ ሰዓቱን ጮክ ብላ አነበበች፤ አራት ሰዓት ነበር። ከዚያ ማስታወሻውን ሳታስቀምጠው እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

የመምህሩን የመጨረሻ ማስታወሻ አነበበችላቸው። «ፋይሎች ለሦስተኛ ጊዜ ጠፍተዋል። የበሽተኛ መዝገብ ለዚህ ሲስተም በአደራ ሊሰጥ አይገባም። ከምሳ በፊት ለሥራ አስኪያጇ በቃል እነግራታለሁ።»

«እንግዲህ» አለች፣ «በስድስት ከአርባ፣ ሌሎቹ ምሳቸውን ጨርሰው ሊነሱ ሲሉ፣ ‹ከምሳ በፊት› ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ? ይህ የተጻፈው ከስድስት ሰዓት በፊት ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ወደ ወንድሟ ዞረች። ፋይል መጥፋቱ ከተስተካከለ ወር ሆኖት የለም ወይ አለችው።

መርማሪዋ ደብተሩን ገለጠች። አሥራ አንደኛው ቅሬታ ስለ ሰዓቱ ነው። ሲስተሙ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማንም ካልነካው ይተኛል፤ ሳይቀመጥ የቆየ ማስታወሻ ካለ ሲነቃ ራሱ ያስቀምጠዋል፣ የነቃበትንም ሰዓት የተጻፈበት ሰዓት አድርጎ ይመዘግባል። በድርጅቱ የቅሬታ ዝርዝር ላይ ከዚሁ ቅሬታ አጠገብ «ተስተካክሏል» የሚል አለ፤ ፊርማው የኢንጂነሩ ነው፤ ቀኑ መምህሩ ከመሞታቸው አንድ ቀን በፊት።

«ስለ ሰዓቱ ቅሬታ አልቀረበም ብለውኝ ነበር» አለችው። «እርስዎ ግን አንብበው ፈርመዋል።»

ይህን ሁሉ ስትናገር የነርሷ ስክሪን ጨልሞ ነበር። ሰዓቷን አይታ ማውዙን ነካችው። ማስታወሻው ብቅ አለ። አራት ከሃያ አምስት ይላል። ጸሐፊዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

መርማሪዋ ቀጠለች። ማሽኑ በስድስት ከአርባ የነቃው በነርሷ ክርን ከሆነ፣ ቢያንስ ከስድስት ከሃያ ጀምሮ የመምህሩ እጅ አልነካውም ማለት ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነርሷና ጸሐፊዋ አንድ ገበታ ላይ ነበሩ። ሥራ አስኪያጇ ከእንግዶቿ ጋር ነበረች። ከስድስት እስከ ስድስት ከሃያ የት እንደነበረ ምስክር የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ነርሷ ከንፈራቸውን አይታ ስትጮህ ጸሐፊዋ ይዛት ቀርታለች፤ ጩኸቱን ሰምቶ ከስብሰባው ወደ አስከሬኑ ሮጦ የሸሚዛቸውን አንገት የፈታው፣ ኮታቸውንም የነካው ያው ሰው ነው።

«ማስታወሻውን ለማጥፋት መጀመሪያ ጊዜ አላገኙም» አለችው። «ኋላ ሰዓቱን ሲያዩ ደግሞ ማጥፋት አላስፈለገዎትም። ሌላ ሰው ይታሰርበታላ።»

ኢንጂነሩ እህቱን እንጂ መርማሪዋን አላየም። «እትዬ፣ ልሰጣቸው ነበር» አለ። «ላንቺ ሊነግሩሽ ነው ብለውኝ ስንጨቃጨቅ አስሙ ተነሳባቸው። ኢንሄለሩን እጄ ላይ ነው የያዝኩት። ‹ሦስት ቀን ብቻ ታገሱኝ፣ አስተካክለዋለሁ፣ እሺ ይበሉኝ› አልኳቸው። እሺ ቢሉኝ ወዲያው ልሰጣቸው ነበር።»

«እና ምን አሉህ?» አለችው እህቱ።

«በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መናገር አቅቷቸው ነበር። ከዚያ ስልኬ ጠራ፤ አንቺ ነሽ፣ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው አልሽኝ። ኪሴ ከትቼው ወጣሁ።»

ሥራ አስኪያጇ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማንም አላነሳትም። ፖሊሱ ወንድሟን ይዞት ሲወጣ ስልኳን አውጥታ ለመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ደወለች፤ ሲስተሙን እንዳትጭኑት አለች። ምክንያቱን ሲጠይቋት ግን ስልኩን ለጸሐፊዋ አቀበለቻት። ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራል።

መርማሪዋ ደረጃውን ስትወርድ ነርሷ ተከተለቻት። መካከለኛው ፎቅ ላይ ክንዷን ያዘቻት።

«ደረት ዝም ሲል ሁልጊዜ ሞት አይደለም» አለች ነርሷ። «በአስም በጣም ሲጨንቅ መጨረሻ ላይ ፉጨቱ ይጠፋል። ልብ ግን ገና ይመታል። ይህን ተማሪ ሆኜ ነው የተማርኩት። እጃቸውን ብነካ ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

መርማሪዋ ይህንኑ በዋዜማው ሐኪሙን ጠይቃው ነበር። እሱም ማወቅ አይቻልም፣ ምናልባት ይተርፉ ይሆናል ብሏታል። እሷ ደግሞ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ማስረጃ የሌለው ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ» አለች ነርሷን ዓይን ዓይኗን እያየች። «ቀድመው ሞተዋል። አይተርፉም ነበር።»

ነርሷ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ ወደ ላይ ተመለሰች። አምናት ይሁን ሳታምናት መርማሪዋ ማወቅ አልቻለችም።